የማዕበል ካይትሰርፊንግ

የማዕበል ካይትሰርፊንግ አንድ ሰው በሰርፍቦርድ ላይ ቆሞ፣ በነፋስ በሚበር ትልቅ ካይት እየተጎተተ የባሕር ማዕበል የሚጋልብበት የውሃ ስፖርት ነው። ካይት ማለት በገመድ ተይዞ በነፋስ ኃይል የሚበር የጨርቅ ክንፍ ነው። ይህ ስፖርት ከሌሎቹ የካይትሰርፊንግ ዓይነቶች የሚለየው ጋላቢው ከነፋሱ በተጨማሪ የማዕበሉንም ጉልበት ስለሚጠቀም ነው። ማዕበሉ ዘንድ እስኪደርስ ካይቱ ይጎትተዋል፤ ማዕበሉን ከያዘ በኋላ ግን የካይቱ ጉተታ ሊያደናቅፈው ይችላል። ስለዚህ ለማዕበል የሚመረጠው ካይት ቶሎ የሚታጠፍና ገመዱ ሲላላ የማይወድቅ ነው።

ታሪክ

በ1984 እ.ኤ.አ. ብሩኖ እና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በአየር ለሚነፋ ካይት ንድፍ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። የካይቱ የፊት ጠርዝ በአየር የተሞላ ቱቦ ስለሆነ ውሃ ላይ ቢወድቅ አይሰምጥም፤ እንደገናም ከውሃው ሊነሣ ይችላል። ስፖርቱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሃዋይ ደሴቶች፣ በተለይም በማዊ፣ በሰፊው ታወቀ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ለመቀነስ የሚቻል ጠፍጣፋ ካይት ገበያ ላይ ዋለ። ይህም ነፋሱ ድንገት ሲበረታ የሚደርሰውን አደጋ ቀነሰ።

በ2024 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሎምፒክ የካይት ውድድር በማርሴይ ከተማ ተካሂዷል። ያ ውድድር ግን የፍጥነት ሩጫ ነበር፤ የማዕበል ግልቢያን አይጨምርም።

ካይቱ በማዕበል ላይ ለምን ይወድቃል?

ካይት የሚበረው ነፋስ በላዩ ላይ ሲያልፍ ነው። ካይቱ የሚሰማው ነፋስ ግን በባሕሩ ላይ ከሚነፍሰው ጋር ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ለምሳሌ ነፋሱ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) ቢነፍስና ጋላቢው በማዕበሉ ተገፍቶ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ በ12 ኖት ቢጓዝ፣ አብሮት የሚሄደው ካይት የሚያገኘው ነፋስ 8 ኖት ብቻ ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ በ8 ኖት ያለው ግፊት በ20 ኖት ካለው አንድ ስድስተኛውን ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ገመዶቹ ይላላሉ። ከባድ ወይም ለዚህ ያልተሠራ ካይት ወደ ውሃው ይወድቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ማዕበልም ጨርቁን ሊቀድደው፣ ገመዱንም በጋላቢው ላይ ሊጠመጥመው ይችላል።

ለማዕበል የተሠራ ካይት ገመዱ ሲላላ ቅርጹን ሳይለቅ ከነፋሱ ጋር እየተንሳፈፈ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲወጠር መልሶ ይጎትታል። ካይት የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለዚህ ጠባይ ነው።

የካይት አመራረጥ

ቅርጽ፦ እንደ ግማሽ ክብ በጥልቀት የታጠፈው ካይት ጉተታው ጠንካራና የማያቋርጥ ስለሆነ በአየር ላይ ትርኢት ለሚያሳዩ ይስማማል። ለማዕበል ግን ጠፍጣፋና የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለ ቅርጽ ይመረጣል፤ መቆጣጠሪያው ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ጉተታው በፍጥነት ይቀንሳልና።

ደጋፊ ቱቦዎች፦ አብዛኞቹ የማዕበል ካይቶች ከፊት ጠርዙ ሌላ ሦስት ደጋፊ ቱቦዎች ብቻ አሏቸው። ቱቦው ሲያንስ ካይቱ ይቀልላል፤ የቀለለ ካይት ደግሞ በደካማ ነፋስ በተሻለ ይንሳፈፋል። አምስት ቱቦ ያለው ካይት በኃይለኛ ነፋስ ይረጋጋል፤ ክብደቱ ግን ይበልጣል።

መጠን፦ ለመነሻ የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ። የጋላቢው ክብደት በኪሎ ግራም በ2.2 ይባዛና በነፋሱ ፍጥነት በኖት ይካፈላል፤ ውጤቱ የካይቱ ስፋት በካሬ ሜትር ነው። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ20 ኖት ነፋስ 8.25 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ስለዚህ 8 ወይም 9 ካሬ ሜትር ይይዛል። በማዕበል ላይ ከሁለቱ አነስተኛውን መምረጥ የተለመደ ነው። ሰርፍቦርድ ሰውን በደንብ ያንሳፍፋል፣ ማዕበሉም ይገፋል፤ ትንሽ ካይት ደግሞ ፈጥኖ ይታጠፋል። ስሌቱ የጀማሪን ችሎታም ሆነ የነፋሱን መለዋወጥ አያውቅም፤ ነፋሱ አንዴ በርትቶ አንዴ የሚደክም ከሆነ መጠኑ የሚመረጠው ለብርቱው ነፋስ ነው።

ገመድ፦ የተለመደው ርዝመት ከ20 እስከ 24 ሜትር ነው። አጭር ገመድ ካይቱ ለእጅ ትእዛዝ ቶሎ እንዲመልስ ያደርጋል፤ ረጅም ገመድ በደካማ ነፋስ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል።

አነዳድ

የካይቱን ቦታ ለመግለጽ ሰማዩ እንደ ሰዓት ይታሰባል። ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ለቆመ ሰው ከአናቱ በላይ ያለው ቦታ 12 ነው፤ በግራና በቀኝ ከውሃው ጋር የሚገናኙት ቦታዎች 9 እና 3 ናቸው።

ጋላቢው ወደ ባሕሩ ሲወጣ በነጭ አረፋው መካከል ካይቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ዝቅ ያለ ካይት በማዕበል ሊመታ ይችላል። ከማዕበሉ መስመር ውጭ ሲደርስ ዞሮ ማዕበል ይመርጣል። ማዕበሉ ቦርዱን መግፋት ሲጀምር ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ የካይቱን ጉተታ ይቀንሳል፤ ከዚያም በማዕበሉ ግርጌ ይታጠፋል። ዋናው ደንብ ካይቱ ከቦርዱ ቀድሞ መታዘዝ አለበት የሚል ነው። ቦርዱ ቀድሞ ከታጠፈ ጋላቢው ወደ ካይቱ ይሮጣል፤ ገመዱም ይላላል። ካይቱ ቀድሞ ከዞረ ግን መታጠፊያው ሲያልቅ ገመዱ እንደ ተወጠረ ይቆያል።

ነፋስና ቦታ

ነፋሱ ከባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን ሲነፍስ ለአብዛኛው ጋላቢ ይመቻል። ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ጋላቢው ካይቱን ተከትሎ ስለሚሄድ የገመድ መላላት ይበዛል፤ የካይቱ መንሳፈፍ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እዚህ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ማዕበሉ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ካይቱ የወደቀበት ሰው ወደ ክፍት ባሕር ይወሰዳል።

በኬፕ ቨርዴ የሳል ደሴት የሚገኘው ፖንታ ፕሬታ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ደሴቲቱን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይነፍሳል፤ በክረምት ወራት ደግሞ ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው ማዕበል በዐለታማው ዳርቻ አጠገብ ይሰበራል። ነፋሱም ዐለቱም ለስሕተት ቦታ ስለማይሰጡ ስፍራው ለጀማሪ አይሆንም። በ2008 እ.ኤ.አ. በማዕበል ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሚቱ ሞንቴይሮ የዚሁ ደሴት ልጅ ነው።

ደህንነት

ካይቱ ከጋላቢው መታጠቂያ ጋር የሚያያዘው በአንድ ግፊት በሚለቅ ማያያዣ ነው። ማያያዣው ሲለቀቅ ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ይያዝና ኃይሉን ያጣል። ያም ካልበቃ ጋላቢው የመጨረሻውን ማሰሪያ ለቅቆ ካይቱን ሙሉ በሙሉ መተው ይችላል። ካይቱ በሚሰበር ማዕበል ውስጥ ሲወድቅ ይህን ማድረግ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ማዕበሉ የሚጎትተው ካይት ሰውንም አብሮ ይጎትታልና። ገመድ መቁረጫ ቢላዋ፣ የራስ ቁርና ተንሳፋፊ ሰደርያ የተለመዱ መሣሪያዎች ናቸው። ሁለት ጋላቢዎች ሲተላለፉ ከነፋሱ መምጫ በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ ሌላው ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፤ እንዲህ ካልሆነ ገመዶቻቸው ይጠላለፋሉ።