ባቡር ባልደረሰበት አገር የባቡር ጣቢያ ስለ መሥራት

እንጅባራ ባቡር የላትም። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠችው ይህች የአዊ ከተማ፣ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ እንግዳዋን የምትቀበለውም የምትሸኘውም በመኪና፣ በፈረስና በእግር ነው። ሆኖም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋቸው ያሰብነው ስለ እንጅባራ የባቡር ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ የሚገኘውም በጠረጴዛ ላይ ነው።

የባቡርን አምሳያ አሳንሶ መሥራት በውጭ አገር የቆየ ጥበብ ነው። ማርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ልካቸው የተወሰነ የባቡር ሐዲዶችን ካቀረበ ወዲህ፣ የልጆች መጫወቻ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ የዐዋቂዎች ሥራ ሆኖአል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በሐምቡርግ ከተማ የተከፈተው ትርኢት ተራራውን፣ ከተማውንና ወደቡን ሁሉ አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ ይጎበኘዋል።

ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከጭቃ በሬ ያልሠራ፣ ከበቆሎ አገዳ ቤት ያላቆመ፣ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና አበጅቶ በገመድ ያልጎተተ የገጠር ልጅ ማን ነው? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ልጅ የሚሠራው በሬ ቀንድ ካለው በሬ ነው፤ ይበቃዋል። አምሳያ ሠሪው ግን ቀንዱ ምን ያህል ይረዝማል፣ ወዴትስ ያዘነብላል ብሎ መጠየቅ አለበት።

እኛ ሥራውን ስንጀምር አንድ ደንብ አበጀን። ባቡር እንጅባራ ስላልደረሰ በጠረጴዛችን ላይ ካለው ሁሉ ሐሰት የሚሆነው ባቡሩ ነው። እንግዲህ ሐሰቱ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ከባቡሩ በቀር ያለው ሁሉ፣ ኮረብታው፣ አፈሩ፣ ዛፉ፣ ቤቱና ፈረሱ፣ እውነት መሆን አለበት አልን። ቀላል መስሎን ነበር።

ባቡሩን ለመምረጥ አልተቸገርንም። ከጅቡቲ የተነሣው የአሮጌው መስመር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነበር። የዚያ መስመር ሁለቱ ሐዲዶች የሚራራቁት አንድ ሜትር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት አለው። ለደጋው ጠባቧ ሐዲድ ትስማማለች ብለን አሮጌውን መረጥን፤ በላዩም አባቶቻችን ሊቶሪና የሚሉትን ባለ ሞተር ሠረገላ አስቀመጥን።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ነው። በዓለም ዘንድ የተለመደው የአምሳያ ልክ አንድ ለ87 ነው፤ ይኸውም 87 ሜትር የነበረው በጠረጴዛው ላይ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ልክ የአንድ ሜትሩ ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቤት ሰባት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር በሙሉ በዚህ ልክ ቢሠራ ግን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አምሳያ ሠሪ ሁሉ ቆርጦ ለመተው የተገደደ ነው፤ ጥበቡም የሚለካው በሚተወው ነገር ነው።

ይህን ያስተማረን የዘንገና ሐይቅ ነው። ከእንጅባራ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኘው ይህ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ፣ እንደ ድስት ክብ የሆነ ውኃ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። በእኛ ልክ ስናሰላው 1 ሜትር ከ90 ይሆናል። ጠረጴዛውን ብንበሳው እንኳ ውኃው ወለሉን ዐልፎ መሬት ውስጥ ሊገባ ነው! ስለዚህ ጥልቀቱን ትተን ቀለሙን ያዝን። በጠፍጣፋ ኮምፔርሳቶ ላይ መካከሉን ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳሩን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ቀብተን፣ ቀለሙ ሲደርቅ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ደረብንበት። ዓይን ጥልቀትን የሚገምተው ከጨለማው ነውና ሰሌዳው ሐይቅ ሆነ።

ኮረብታው የተሠራው አንባቢ አሁን በእጁ ከያዘው ነገር ነው። ያረጀ ጋዜጣ ጨብጠን እንደ ጉብታ ከመርን፤ በላዩ ሌላ ጋዜጣ በቁራጭ እየቀደድን በጀሶ ውኃ እየነከርን አለበስነው። በማግሥቱ ሲደርቅ እንደ ቅል ጠነከረ። ለአፈሩ ቀለም አልገዛንም። ከእንጅባራ ማሳ የተዘገነውን ቀይ አፈር አድርቀን በደቃቅ ወንፊት ነፋነው። በዚህ ጊዜ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ፤ የእሳተ ገሞራ አገር አፈር ደቃቅ የብረት ብናኝ ይኖረዋልና ማግኔት ሊዞርበት ይገባል። አለዚያ ብናኙ የባቡሩ ሞተር ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። አፈሩ ከተነሰነሰ በኋላ ነጭ ኮላ በእኩል ውኃ ቀጥነን፣ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ጨምረን አንጠባጠብንበት። ሳሙናው ውኃው ከአፈሩ ላይ ሳይንከባለል ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል።

ወደ ዛፉ ስንመጣ አንድ ያላሰብነው ጥያቄ ገጠመን፤ ጣቢያችን የየትኛው ዓመት ነው? ዛሬ በባንጃና በፋግታ ለኮማ የሚጓዝ ሰው ኮረብታውን ለብሶ የሚያየው ዲከረንስ የተባለውን፣ ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ቅጠለ ደቃቅ ግራር ነው። ይህ ዛፍ አገሩን የሞላው ግን በቅርብ ዘመን ነው። ጣቢያችንን በ1950ዎቹ ብናቆመው ዲከረንስ ሊኖር አይገባም፤ የሣር ክዳን ይበዛል፣ ቆርቆሮው ጥቂት ይሆናል። የዛሬ ብናደርገው ደግሞ ሊቶሪናችን ቦታ የላትም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ 1950ዎቹን መረጥንና አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰጋቱራና ከሽቦ የሠራናቸውን የዲከረንስ ዛፎች ነቅለን ጣልናቸው። በምትካቸው ቀርከሃ ተከልን። የደጋ ቀርከሃ ቁመቱ 12 ሜትር ቢሆን 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ይህን የሚመስል የመጥረጊያ ጭራሮ እንጂ ሌላ አላገኘንም።

ትልቁ ውድቀታችን ቤቱ ነበር። የመጀመሪያውን ጎጆ በእውነተኛ ሣር ከደንነው፤ ከእውነተኛ ሣር የበለጠ እውነት ምን ይኖራል ብለን ነበር። ሲያልቅ ጎጆ ሳይሆን ግንድ የተከመረበት ጉብታ መሰለ። ምክንያቱን በሒሳብ አገኘነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሣር አገዳ በ87 ሲባዛ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለካ ቤታችንን የከደንነው በባሕር ዛፍ አጣና ኖሯል! በኋላ መድኃኒቱን ከአገሩ ከራሱ አገኘነው፤ የፈረስ ጭራ ፀጉር። ለግድግዳውም የቀርከሃውን ስንጥቅ በዚያ ልክ መግመድ የሰው ጣት የማይችለው ስለ ሆነ፣ ከአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ቆርጠን፣ ድርና ማጉ ጉንጉን እንዲመስል በቀጭን ጭቃ ቀባነው።

ሁለተኛውን ቤት ይዘን ለአንድ የቀርከሃ ሥራ ለሚያውቁ የእንጅባራ አዛውንት አሳየን። አባታችን ዓይናቸውን አጥብበው ዞር ዞር አድርገው ካዩት በኋላ፣ አመስግነው ሲያበቁ፣ የክዳኑ ጫፍ ከፍ ብሎአልና ነፋስ የሚነዳው ዝናብ ግድግዳውን በሁለት ክረምት ያበሰብሰዋል አሉን። ቀጥለውም የጭሱን ነገር አነሡ። ክዳኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም መሆኑ እሳት ያልነደደበት፣ ሰው ያልኖረበት ቤት አስመስሎታል አሉ። ስለ ቀርከሃውም ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ቀርከሃ ብል እንደሚበላው፣ በክረምትም መቆረጥ እንደሌለበት አስረዱን። እኛ የሄድነው ስለ አሻንጉሊት ልንጠይቅ ነበር፤ የተመለስነው ግን የቤት አሠራር ተምረን ነው።

ቤቱን ሦስተኛ ጊዜ ሠራነው። ክዳኑን ዝቅ አደረግነው፤ ከጉልላቱ ሥር በቀጠነ ጥቁር ቀለም ጭስ አበጀንለት። በአሜሪካ አገር ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ጆን አለን በአምሳያ ባቡር ሥራው ስሙ የገነነው፣ ሕንፃዎቹንና ሠረገላዎቹን ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀባቸው አስመስሎ በመሥራቱ ነው። ለአንድ የጣቢያ መጋዘን ቆርቆሮ ስንሠራም ይህን ትምህርት ተከተልን። ቀጭን የአልሙኒየም ወረቀት በጨርቅ ላይ ዘርግተን፣ ጥርሱ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ብሎን አንከባለልንበት፤ የቆርቆሮው ሽንትር ወጣ። ከዚያ በኋላ ምስማሩ ባለበት ቦታ ሁሉ የዝገት ነጠብጣብ አሳረፍን።

በመጨረሻ ፈረሶቹን አሰለፍን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነውና፣ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው የሚወጣበትን በዓል ያየ ሰው እንጅባራን ያለ ፈረስ ሊያስባት አይችልም። ጀርባው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 የሆነ ፈረስ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከጥፍር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኮርቻውን፣ ልጓሙንና በቀለማት የተዋበውን ጌጡን በመርፌ ጫፍ ቀባን። ባቡሩ ሲመጣ የሚደነብር አንድ ፈረስም ጨመርን።

እስከዚህ ያለው የጨዋታ ወግ ነው። ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሐሳብ አላስተኛ አለን። ያን ጎጆ በትክክል ለመሥራት የበሩን ቁመት፣ የግድግዳውን ስፋት፣ የክዳኑን ዘንበልታ መለካት ነበረብን። ለመለካት ስንዞር ግን የሣር ክዳን ያለው የቀርከሃ ቤት እንደ ድሮው በየደጁ አልተገኘም። ብዙው በቆርቆሮ ተተክቶአል። ባለቤቱን ልንወቅሰው አንችልም፤ ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል፣ በየጊዜው ክደኑኝ አይልም፤ እኛም የምንኖረው በቆርቆሮ ሥር ነው። የሚያሳዝነው አሮጌው ቤት መፍረሱ ሳይሆን ልኩ ሳይወሰድ መፍረሱ ነው። አዛውንቱ የነገሩን የክዳን ዘንበልታ በእጃቸውና በዓይናቸው ያለ ዕውቀት ነው፤ እጁ ሲያርፍ አብሮ ያርፋል።

ስለዚህ ለእንጅባራና ለዳንግላ ወጣቶች፣ ለመምህራኖቻቸውም አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ባቡሩ ይቅር፤ ሐዲዱም ይቅር። አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዞ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ የቀሩትን አሮጌ ቤቶች መለካት ገንዘብ አይጠይቅም። ከእያንዳንዱም ቤት አንድ አምሳያ ቢሠራና በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ አያቱ የኖረበትን ቤት በተረት ብቻ ሳይሆን በልክ ያውቀዋል።

የእኛ ሊቶሪና ዛሬም ከቀርከሃው ጀርባ ብቅ ትላለች፤ ከመጋዘኑ ፊት ቆማ፣ ዘንገናን ዞራ፣ ከኮረብታው ሥር ባለው ዋሻ ትሰወራለች። ሊያዩአት የመጡ የሰፈር ሕፃናት እንጅባራ በእውነት ባቡር ነበራት ወይ ብለው ጠየቁን። አልነበራትም አልናቸው። ቤቱስ ቢሉን፣ ቤቱ ነበረ፤ ልኩም ይኸው በደብተራችን አለ ብለን አሳየናቸው።