የረጅም ዘፈን ቅብብሎሽ

ፕሮግረሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የተነሣ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ነው። ለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሙዚቃ ከሦስት ደቂቃ ዘፈን ይልቅ ረጅም ድርሰት ይወዳል፤ በአንድ ዘፈን መሀል ምት ይቀይራል፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ይዋሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አልበምን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ሥራ ይቆጥራል። መሣሪያዎቹ የታወቁት ናቸው፦ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ።

መነሻው ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ባንድ በ1969 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው። በ1972 ጄትሮ ተል "ቲክ አዝ ኤ ብሪክ" ብሎ ያሳተመው አልበም ሁለቱንም የሸክላ ገጽ የሚሞላ አንድ ድርሰት ነው። የስ የተባለው ባንድም በዚያው ዓመት "ክሎዝ ቱ ዚ ኤጅ" በተባለው አልበሙ አንዱን ገጽ በሙሉ ለአንድ ዘፈን ሰጥቶታል። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጣው "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" 43 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ አብዛኞቹ ዘፈኖቹ ፋታ ሳይሰጡ አንዱ ከአንዱ ይያያዛሉ፤ "መኒ" የተሰኘው ዘፈን አብዛኛው ክፍል የሚቆጠረው በሰባት ምት ነው።

እንዲህ ያለ ሙዚቃ ወደ ሰው ጆሮ የሚደርስበት መንገድ ከሌላው ይለያል። አጭር ዘፈን በሬዲዮ፣ በሠርግ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ ራሱን ያስተዋውቃል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ድርሰት ግን ይህ ዕድል እምብዛም አይገጥመውም። የሰማው ሰው ላልሰማው "ቁጭ ብለህ ስማው" ብሎ በእጁ ይሰጠዋል፤ የተቀበለውም ሰምቶ ለሌላው ያሳልፈዋል። ስለዚህ ፕሮግረሲቭ ሮክን ለማወቅ አድማጮቹንና የአቀባበላቸውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሙዚቃ ጆሮ ያዘጋጁት ቀደምት ሥራዎች ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋሙት አምሃ ሬከርድስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ረጅም ሸክላዎችን አሳትመዋል። ነጠላው ሸክላ በእያንዳንዱ ገጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኑም በዚያው ልክ ይቆረጥ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶችን ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝን ሲያቆሙ፣ ዋልያስ ባንድም በ1977 "ቼ በለው" የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ሲያወጣ፣ ግጥም ባይኖርም ሙዚቃ ብቻውን እንደሚበቃ አድማጩ ለመደ። ካሴት ሸክላን ሲተካ ደግሞ ቅብብሎሹ ሰፋ። የ90 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 45 ደቂቃ ይይዛል፤ አንድ ሙሉ የፒንክ ፍሎይድ አልበም ሳይቆረጥ ይገባበታል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ፕሮግረሲቭ ሮክ በራሱ ስም የቆመው ግን በጃኖ ባንድ ነው። ባንዱ በ2011 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ስሙን የወሰደው ከጃኖ፣ ማለትም ሰፊ ቀይ ጥለት ካለውና ከመኳንንት ልብስነቱ ከሚታወቀው ባህላዊ ሸማ ነው። ሴቶችና ወንዶች ድምፃውያንን ከጊታር፣ ከቤዝ፣ ከኪቦርድና ከድራም ተጫዋቾች ጋር ያሰባሰበ ትልቅ ባንድ ነው። የመጀመሪያውን አልበም በ2012 ያወጣ ሲሆን ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። የአልበሙ ስም "ኤርታሌ" ነው። ኤርታሌ በአፋር ምድር በዳናኪል ዝቅታ የሚገኝ፣ በእሳት ሐይቁ የታወቀ ተራራ ሲሆን ስሙም በአፋርኛ "የሚያጨስ ተራራ" ማለት ነው።

በዚህ ሙዚቃ ላይ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ አስተያየት አለ። ሮክ የፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ ቅኝታችን በጊታር ሲጫወቱት ይበላሻል የሚል ነው። ነገሩን ለማጣራት ከባቲ ቅኝት መጀመር ይሻላል።

የኢትዮጵያ ደጋማ ሙዚቃ በአራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይመደባል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ባቲ ሜጀርና ማይነር ተብሎ ይከፈላል። የባቲ ማይነር ድምፆች ከሲ ሲነሡ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ናቸው። ጊታር የጀመረ ማንኛውም የሮክ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው "ማይነር ፔንታቶኒክ" የተባለው ስኬል ከሲ ሲነሣ ድምፆቹ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ናቸው። አምስቱም አንድ ናቸው። ከብሉዝ ወርሶ ሮክ ለስንት ዘመን ሲያፏጭበት የኖረው የድምፅ ቤተሰብ ባቲ ማይነር በምንለው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል። የሮክ ጊታር ወደ ባቲ ሲመጣ የሚገባው የሰው ቤት ሳይሆን የዘመድ ቤት ነው።

ይህ ማለት ግን ባቲና የሮክ ሶሎ አንድ ሙዚቃ ናቸው ማለት አይደለም። ጠንቃቃ አድማጮች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። ቅኝት የድምፅ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚደጋገም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በዝላይ ወይስ በመንሸራተት እንደሚሄድ ሁሉ ቅኝት ውስጥ ይገባል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራትቶ ድምፁን ያስለቅሳል። የሮክ ጊታሪስት ደግሞ ሽቦውን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ክራር በተጫዋቹ ጆሮ ስለሚቃኝ ከፒያኖ ጋር ትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ጊታር ግን በፍሬቱ የተወሰነ ነው። እነዚህን ልዩነቶች ለይቶ የሚሰማ ሰው "ተበላሸ" ከማለቱ በፊት የተጫዋቹ ጣት የት እንዳረፈ ይጠይቃል።

አንቺ ሆዬም የራሷ ጉድ አላት። ከሲ ስትነሣ ድምፆቿ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። በሲ እና በጂ ፍላት መካከል ያለው ርቀት በሙዚቃ ትምህርት ትራይቶን ይባላል፤ ጆሮን የሚወጥር፣ መፍትሔ የሚያስጠብቅ ርቀት ነው። ኪንግ ክሪምሰን በ1974 ያወጣው "ሬድ" የተሰኘው የመሣሪያ ድርሰት ኃይሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከዚህ ርቀት ነው። እንግሊዛውያኑ አድማጫቸውን ለማስደንገጥ የፈለጉትን ድምፅ የኢትዮጵያ እናቶች በሠርግ ዘፈን ሲያወርዱት ኖረዋል። አንቺ ሆዬን የለመደ ጆሮ "ሬድ"ን ሲሰማ የሚያውቀውን ሰው በባዕድ ከተማ እንዳገኘ ይሆናል።

የባቲ ቅኝት ስምና የጃኖ አልበም የ"ኤርታሌ" ስም ወደ አፋር ምድር በሚወርድ መንገድ መገናኘታቸውም መታወቅ አለበት። የባቲ ከተማ ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ ከሚወርድበት ጫፍ ላይ ናት። በሰኞ ገበያዋ የአፋር አርብቶ አደር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ ይገናኛሉ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ የሚወርደው መንገድ ሚሌ ላይ ከአዋሽ ሰመራ አውራ ጎዳና ጋር ይጋጠማል። ገዋኔ በዚያው አውራ ጎዳና፣ ከሚሌ በስተደቡብ፣ በአየሉ ተራራ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ተሳቢዎችና ቦቴዎች ያልፉባታል። ረጅም መንገድ ደግሞ ረጅም ዘፈን ይሸከማል፤ 43 ደቂቃ ያለ ጥሪና ያለ ወሬ ማዳመጥ የሚችል ሰው በከተማ ብርቅ ሲሆን በመሪ ላይ ያለ ሾፌር ግን በየቀኑ ያደርገዋል።

አፋሮች ለቅብብሎሽ ዳጉ የተባለ የዳበረ ሥርዓት አላቸው። በመንገድ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። በዓይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ ወሬው ከማን እንደመጣ ይነገራል፤ ሐሰት ያቀበለ ሰው ይወቀሳል። ሙዚቃ ለሚቀባበሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም፦ ሙሉውን፣ በቅደም ተከተሉ፣ ከምንጩ ጋር።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በገዋኔ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ከቆመ መኪና "ኤርታሌ"ን ሰምቶ ነበር። ከሁለት ዘፈን በኋላ የሌላ ድምፃዊ ዘፈን ገባ፤ ከዚያ የአልበሙ መጨረሻ መጣ፤ የፋይሎቹ ስም "ትራክ" ከሚል ቃልና ከቁጥር በቀር ምንም አልነበረውም። ሾፌሩ ዘፈኑን ከልቡ ይወደዋል፤ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ሮክ ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የአፋር ልጅ የሆነው ረዳት የአልበሙን ስም ሲሰማ ተራራውን በስሙ ጠርቶ ከመጀመሪያው እንዲጀመር ጠየቀ። መጀመሪያው ግን በማጫወቻው ላይ በተሰካው ፍላሽ ውስጥ አልነበረም።

ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም፤ ገልባጩ ነው የሚወቀሰው። አልበም ሲገለበጥ ሦስት ነገሮች ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የመኪና ማጫወቻዎች ፋይሎችን የሚያጫውቱት በስማቸው ሳይሆን ወደ ፍላሹ በገቡበት ተራ ነው። ስለዚህ በፋይሉ ስም ፊት 01፣ 02 እያሉ ቁጥር መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ፍላሹን ባዶ አድርጎ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በተራቸው መገልበጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መያያዝ ነው። ኤምፒስሪ ሲሠራ በፋይሉ ጫፍና ጫፍ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨመር ተያይዘው የተቀዱ ዘፈኖች መሀል ላይ ይቆረጣሉ። ሙሉውን የሸክላ ገጽ እንደ አንድ ፋይል ማዘጋጀት ለዚህ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ጥራት ነው። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን በ128 ኪሎቢት ሲጨመቅ 9.6 ሜጋባይት፣ በ320 ኪሎቢት ደግሞ 24 ሜጋባይት ይሆናል። ሚሞሪ ውድ በነበረበት ዘመን ትንሹን መምረጥ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን የሲምባሉን ጥርት ያለ ድምፅ ወደ ውኃ ጩኸት የሚቀይር ቁጠባ ምክንያት የለውም። የተጨመቀን ፋይል እንደገና መጭመቅ ደግሞ ካሴትን ከካሴት እየገለበጡ ጫጫታውን እንደማብዛት ያለ ስሕተት ነው። ዘፈንን ከስልክ ድምፅ ማጉያ ቀርጾ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ዘፈኑን አላካፈለም፤ ወሬውን ነው ያካፈለው። ፋይሉን ራሱን መላክ እኩል ድካም ነው።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሙዚቀኛውን ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። አልበም በአገር ውስጥ ገበያ ወይም በሕጋዊ የኢንተርኔት መሸጫ ሲገኝ መግዛት ተገቢ ነው። ብዙ አባላት ላሉት ባንድ ቀጣዩን አልበም የሚያሠራው ያ ገንዘብ ነው።

የዚህ ሙዚቃ አድማጮች ውይይት የራሱ ወግ አለው። በመጀመሪያው ማዳመጥ አይወራም፤ አልበሙ እስኪያልቅ ይጠበቃል። በሁለተኛው ምት ይቆጠራል፦ ችክችካ የሚባለው የአገራችን ምት በስድስት ሲሄድ ቆይቶ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ድራሙ ቀድሞ ቤዙ እንደተከተለ ወይም ተቃራኒው እንደሆነ ይለያል። በሦስተኛው ስለ ቅኝቱ ይከራከራሉ። ክርክሩ በጭብጨባና በአፍ ዜማ ይካሄዳል፤ ማስረጃ ያለው ሰው ዘፈኑን ወደ ኋላ መልሶ ያሰማል። ተሸናፊ የለም፤ የተሳሳተው ሰው ያልሰማውን ነገር ሰምቶ ይሄዳል። ፍላሹ የሚመለስበት ቀን ሲቀጠርም ቀጣዩ አልበም እዚያው ይመረጣል።