የቆሰለ የፈረስ እግር እንዴት ይጠቀለላል?

ፈረሳችሁ እግሩ ሲቆስል መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ያገኘውን ጨርቅ ቀዶ፣ ደሙ እንዲቆም ብሎ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይፈታዋል። አሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ቁስሉ ያልገደለውን እግር እስሩ ሊገድለው ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፈረሱን የፊት እግር ከጉልበቱ በታች በእጃችሁ ዳብሱት። ሥጋ ታገኛላችሁ? አታገኙም። ያለው ቆዳ፣ ጅማት፣ የደም ሥርና አጥንት ነው። የሰው ባት ሥጋ ስላለው እስር ቢጠብቅበትም ትንሽ ይችላል። የፈረስ እግር ግን ገመድ ወይም ቀጭን ጨርቅ ሲጠብቅበት፣ ጭነቱ በቀጥታ ጅማቱና ደም ሥሩ ላይ ያርፋል። ደም ያልደረሰው ቆዳ ይሞታል። ጅማቱም ይጎዳል። ጅማት ደግሞ እንደ ሥጋ ቶሎ አይድንም፣ ወራት ይፈጃል። ከፈረስ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ስለሆኑ፣ ጅማቱ የተጎዳ ፈረስ ጋሪም አይስብ፣ ጭነትም አይችል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፈረሱ የሚያውቀው ሰው ራሱን ይያዝለት። እናንተ ከጎኑ ሁኑ እንጂ ከኋላው አትቁሙ። ቁጢጥ በሉ፤ አትንበርከኩ፣ ቢደነግጥ ቶሎ መነሣት አለባችሁ። ደሙ የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በእጃችሁ ተጫኑት። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ በአንድ ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ቁስሉን እስኪጠራ እጠቡት። አመድ፣ ፋንድያ፣ ላምባ፣ የባትሪ ውሃ አታድርጉበት። ላምባ ዝንብ ያባርራል የሚሉ አሉ። ዝንቡን ቢያባርርም ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ታዲያ ምን ተረፈ?

ቀጥሎ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። በላዩ ላይ ባዘቶ በእግሩ ዙሪያ፣ በአውራ ጣት ውፍረት አልብሱት። ዋናው ነገር ይህ ባዘቶ ነው። የጨርቁን ጥብቀት አንድ ቦታ ላይ እንዳይከማች ያከፋፍለዋል። ባዘቶ ከሌለ የታጠበና የደረቀ አሮጌ ጋቢ ይሆናል፤ ብቻ ጭምድድ አይበል። መጠቅለያው አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ይሁን። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ዙር ግማሽ ይሸፍን። ሁሉም ዙር እኩል ይጥበቅ። ባዘቶው ከላይም ከታችም ከጨርቁ ወጣ ብሎ ይታይ። ቋጠሮውን ከእግሩ በስተኋላ፣ ጅማቱ ባለበት አትቋጥሩት፤ በስተውጭ በጎን በኩል ይሁን። ስትጨርሱ አንድ ጣታችሁን በጨርቁና በባዘቶው መካከል አስገቡ። ካልገባ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ።

ጧትና ማታ እዩት። እግሩ ከጨርቁ በላይ ወይም በታች ካበጠ፣ ፈረሱ ጨርቁን በጥርሱ ከያዘ፣ እግሩን አንሥቶ ከቆመ፣ ጨርቁ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ፍቱት። ምንም ባይታይ እንኳ በየቀኑ ፈታችሁ፣ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ለውጡ።

ሚስማር ወይም እሾህ ጠልቆ የወጋው ከሆነ መጠቅለል ብቻውን አይበቃም። ፈረስ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ይያዛል። በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

አሁን ደግሞ ስለ ገመድ። ፈረሱ ርቆ እንዳይሄድ የፊት እግሮቹን ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ገመዱ ናይለን ከሆነ ግን ቆዳውን እንደ መጋዝ ይበላዋል። እኔ ናይለንን የፈረስ ጠላት ነው እላለሁ። የግድ ካሰራችሁ ሰፊ ጠፍር በጨርቅ ሸፍናችሁ እሰሩ፤ ማታም ፍቱለት።

በመጨረሻ፣ የማይጠቀለል ቁስልም አለ። በእግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተራ ይዘው የሚወጡ እብጠቶች ካያችሁ፣ እየፈነዱም መግል ካወጡ፣ ይህ ተላላፊ በሽታ ነው። በአገራችን በወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን በብዛት ያጠቃል። ዝንብ፣ ጨርቅና የጋሪ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ያዛምቱታል። ሲጀምር ከተያዘ ሊታከም ይችላል፤ ከገፋ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፈረሱን ለብቻው አቁሙት፣ ሐኪም ጥሩ፤ የነካውን ጨርቅም አትጠቡት፣ አቃጥሉት።