ከጉሮሮ ቁስል እስከ ልብ ሕመም፦ ሰውነት የራሱን እንዴት ይለያል?

በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚጎዱ የልብ በሽታዎች አንዱና ዋነኛው ሩማቲክ የሚባለው ነው። የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው ግን ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን፣ ጉሮሮ ያቆሰለውን ስትሬፕቶኮከስ ለማጥፋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው ገጠር እንጥል በማስቆረጥ ሊታከም የሚሞከረው የጉሮሮ ሕመም፣ ሰውነት የራሱን አካል መታገሥ የሚማርበት ሥርዓት የት ላይ እንደሚሳሳ በግልጽ ያሳያል።

የመከላከያው ሴሎች የሆኑት ቲ ሴሎች ጠላትን የሚለዩበት ቅርጽ በዕጣ የሚወጣ ያህል ስለሆነ፣ የራስን አካል ሊያጠቁ የሚችሉም አብረው ይፈጠራሉ። ዣክ ሚለር በ1961 እ.ኤ.አ. ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ ለመከላከያው መሠረት መሆኑን አሳየ። ዛሬ እንደምናውቀው፣ የሰውነትን ፕሮቲን አጥብቀው የሚይዙት ቲ ሴሎች እዚያው ታይመስ ውስጥ ይሞታሉ፤ ምንም መያዝ የማይችሉትም እንዲሁ። ከ100 ሴሎች በሕይወት የሚወጡት 5 አይሞሉም። ሆኖም ማጣሪያው ቀዳዳ አለው፦ በ2011 የወጣ ጥናት አልፋ ማዮሲን የተባለው የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ታይመስ ውስጥ እንደማይመረት አመለከተ። ስለዚህ ልብን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይዞራሉ።

ታዲያ ሁላችንም የልብ ሕመምተኛ ለምን አልሆንንም? ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ሌሎቹን የሚገቱ ቲ ሴሎች እንዳሉ አሳየ፤ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስደል ደግሞ ለእነዚሁ ሴሎች ወሳኝ የሆነውን ፎክስፒ3 የተባለ ዘረመል አገኙ። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ማጣሪያው ለምን አይጠብቅም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ብዙ ጀርሞች እኛን ስለሚመስሉ፣ እጅግ ጥብቅ ማጣሪያ ጀርሙን የሚለዩትንም ይጠርጋል። የስትሬፕቶኮከስ ኤም ፕሮቲን ማዮሲንን ይመስላል። ቫልቭ ማዮሲን የለውም የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ይሁንና በባክቴሪያው ምክንያት የተመረቱ አንቲቦዲዎች የቫልቩን ሽፋን ያቆስላሉ፣ ቲ ሴሎችም በዚያ ይገባሉ የሚለው ማብራሪያ ብዙ ማስረጃ አለው። ጉሮሮው የታመመ ሁሉ ልቡን አይታመምም፤ የዘር ተጋላጭነትና የኢንፌክሽኑ መደጋገም ልዩነት ያመጣሉ።

በእኔ ግምት ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ማጣሪያውን መጠገን ስለማንችል ቀስቃሹን ማስወገድ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ፔኒሲሊን ግን ጉሮሮ መታመም በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል።