ከካዝና የወጡት አምስቱ ዘፈኖች፦ የእኔ ደረጃ

ቴይለር ስዊፍት «1989»ን እንደ አዲስ ቀድታ ስታወጣ ብዙ ሰው «አንዴ የሰማነውን አልበም ለምን ድጋሚ እንሰማለን?» ብሎ ነበር። ጥያቄው የኢኮኖሚክስ ነው። ሁለት ዕቃ አንድ ዓይነት ከሆነ ገዢው ለምን ወደ አዲሱ ይሄዳል?

መልሱን ጉልት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ምርቃት። ሁለት ሻጮች አንድ ዓይነት ቲማቲም በአንድ ዋጋ ቢሸጡ፣ እናቴ የምትገዛው ከምትመርቀው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴይለር የመጀመሪያ የአልበም ውሏን የፈረመችው በ15 ዓመቷ ነው። በውሉ መሠረት የስድስት አልበሞቿ ማስተር የአሳታሚው ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው ሲሸጥ ማስተሮቹም አብረው ሄዱ። የድርሰቱ መብት ግን እሷ ጋር ስለነበር ዘፈኖቹን ድጋሚ መቅዳት ጀመረች። በየአልበሙ ላይ ደግሞ ያኔ ተጽፈው ሳይወጡ የቀሩ ሥራዎችን መረቀች። «1989» መጀመሪያ በወጣ በ9 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2023 ሲመለስ አምስት ምርቃት ነበረው። እኔ እንዲህ አስቀምጫቸዋለሁ።

5ኛ፦ «ሰበርባን ሌጀንድስ»
ታሪኩ ደስ ይላል፤ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች ፊት ከፍቅረኛ ጋር ተያይዞ የመቅረብ ሕልም ነው። ግን ልክ ሊነሳ ሲል ያልቃል። ያኔ ለምን እንደቀረ ይገባኛል።

4ኛ፦ «ስላት!»
ርዕሱ በሴት ልጅ ላይ የሚወረወር ስድብ ስለሆነ ጩኸት ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ለስለስ ያለ፣ የፍቅር እንቅልፍ የመሰለ ዜማ ነው። ስለ ስሟ ከሚወራው ወሬ ጋር የምትጫወትበትን ቦታ ያኔ «ብላንክ ስፔስ» ወሰደው። እውነቱን ለመናገር ትክክል ነበረች።

3ኛ፦ «ሴይ ዶንት ጎ»
ለሴሊን ዲዮንና ለቶኒ ብራክስተን የጻፈችው ዳያን ዋረን አብራ የደረሰችው ነው። አዝማቹ ላይ ያስታውቃል። «አትሂጂ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ስትለምን አንጀት ትበላለች። እንዴት ሳይወጣ እንደቆየ አይገባኝም።

2ኛ፦ «ኢዝ ኢት ኦቨር ናው?»
በቢልቦርድ ሆት 100 ላይ አንደኛ የሆነው ይሄ ነው። የ«አውት ኦቭ ዘ ውድስ» ታናሽ እህት በሉት፤ የበለጠ የተናደደች እህት። አልበሙ በዚህ መዘጋቱ ልክ ነው።

1ኛ፦ «ናው ዛት ዊ ዶንት ቶክ»
እንዳትሰድቡኝ! ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ብቻ ነው። ሰውየው ከሕይወቷ ከወጣ በኋላ የተገላገለችውን ነገር ትቆጥራለች፤ የማትወደውን ሙዚቃ እንደምትወድ ማስመሰል ቀረ፣ ይሄም ቀረ፣ ያም ቀረ። በቆጠረች ቁጥር ግን እንዳልተገላገለች ይገባችኋል።

እኔም እንዲህ ዓይነት ዝርዝር አለኝ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ካፌ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት አልጠብቃትም፣ ቻርጀሬን አትወስድብኝም፣ እያልኩ እቆጥራለሁ። ለካ ሰው የሚቆጥረው ሲናፍቅ ነው። አንደኛ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

ምርቃቱ ሠርቷል ወይ? ድጋሚ የተቀዳው አልበም በአሜሪካ በመጀመሪያው ሳምንት 1.36 ሚሊዮን ገደማ ሸጠ፤ የ2014ቱ 1.29 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አምስቱም ምርቃቶች ሆት 100 ላይ እስከ አስረኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገቡ።

በሜይ 2025 ደግሞ ቴይለር የስድስቱንም አልበሞች ማስተር ገዝታ አስመለሰች። ስለዚህ አሁን የድሮውንም ብትከፍቱ ባለቤቷ እሷው ናት። እኔ ግን ዛሬም የምከፍተው አዲሱን ነው። የድሮው ላይ አንደኛዬ የለችማ።