ከቁራጭ ሐር የሚሠራ አበባ

ከልብስ ስፌት የሚተርፈው ቁራጭ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ተጠርጎ የሚጣል መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በጃፓን አገር ግን ከትንንሽ ቁራጭ ሐር ለሴቶች ጌጥ የሚሆን አበባ የመሥራት ጥበብ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868 ዓ.ም. ከቆየው ከኤዶ ዘመን አንሥቶ ሲወርድ ሲዋረድ እስከ ዛሬ ደርሷል። ስሙም ጹማሚ ይባላል፤ ትርጓሜው መቆንጠጥ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ሐሩን በትንንሹ አራት ማዕዘን አድርጎ ከቆረጠ በኋላ፥ እያንዳንዱን ቁራጭ በወረንጦ ይዞ ደጋግሞ ያጥፈዋል። አስተጣጠፉ ሁለት ዐይነት ሲሆን፥ አንደኛው ጫፉ ሹል የሆነ፥ ሁለተኛው ክብ የሆነ የአበባ ቅጠል ያወጣል። የታጠፈውንም ከሩዝ በተሠራ ሙጫ ላይ ካቆመ በኋላ አንድ በአንድ ገጥሞ አበባ ያደርገዋል። ዋነኛ መሣሪያው መቀስ፥ ወረንጦና ሙጫ ስለ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊጀምረው ይችላል። ነገር ግን ስምንት ቅጠል ላለው አንድ አበባ ስምንት ቁራጭ ማጠፍ ግድ ነውና፥ ዋጋው የሚተመነው በጨርቁ ሳይሆን በድካሙ ነው።

ሥራውን ያቆየው ትልቁ ምክንያት ከቀን መቁጠሪያ ጋር መተሳሰሩ ነው። በኪዮቶ ከተማ ማይኮ የሚባሉት የባህል ውዝዋዜ ተማሪዎች በጠጉራቸው የሚሰኩት አበባ በየወሩ ይለወጣል፤ በማርች የጎመን ዘር ቢጫ አበባ፥ በኤፕሪል የቼሪ አበባ፥ በኖቬምበር የቀላ የማፕል ቅጠል ያደርጋሉ። በኖቬምበር በሚከበረው የልጆች በዓል ሦስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች፥ በጃንዋሪም ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣት ሴቶች በዚሁ አበባ ያጌጣሉ። ስለዚህ ኪሞኖ የዕለት ልብስ መሆኑ በቀረ ጊዜ፥ የአበባው ገበያ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ከዚያም ወዲህ ባለሙያዎቹ አበባውን አሳንሰው ለጉትቻ፥ ለሐብልና ለደረት ጌጥ ስላዋሉት፥ የአውሮፓ ልብስ የምትለብስ ሴትም ገዢ ሆናለች።

ይህ ለኢትዮጵያ ነጋዴም የሚጠቅም ምሳሌ ነው። ከአገር ልብስ የሚተርፈው ቁራጭ በየስፌት ቤቱ ይገኛል፤ በዓልም አልታጣም። ለመስከረም አደይ አበባ የመሰለ የደረት ጌጥ፥ ለጥርና ለሚያዝያ ሠርግ ደግሞ የሙሽራና የሚዜ የጠጉር አበባ ሊሠራበት ይቻላል። ወፍራም ጨርቅ ለማጠፍ ስለሚያስቸግር ስስ የሆነው ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ጊዜን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ጌጥ ወደ ገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ዕቃው ተኝቶ ይቀርበታልና፥ የመስከረሙ አበባ በሐምሌ መታጠፍ አለበት።