ምዕራፍ 7፦ እንግሊዝኛ የጎደለውን ተውላጠ ስም ፍለጋ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ መምህር «እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ይምጣ» ሊል ሲነሳ፣ ደብተሩን «የእሱ» ይበለው ወይስ «የእሷ»? የቀድሞ የሰዋስው መጻሕፍት የወንዱ «ሂ» ለሁለቱም ይበቃል ይሉ ነበር። ይህ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ግን ገና ድሮ አዲስ ቃል ወደ መፍጠር ገቡ።

አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያና የመዝሙር ዜማ ደራሲ ቻርልስ ክሮዛት ኮንቨርስ እ.ኤ.አ. በ1884 «ዞን» የተባለ ተውላጠ ስም አቀረበ፤ «ዛት ዋን» ከሚለው ያሳጠረው ነው። ቃሉ በ1934 በታተመው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ገባ፤ በ1961ዱ እትም ግን ወጣ፤ ተናጋሪ አላገኘምና። የቋንቋ ምሁሩ ዴኒስ ባሮን እንዲህ ያሉ ከ200 በላይ ፈጠራዎችን ሰብስቧል።

አብዛኞቹ ያልዘለቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስምና ግስ በየቀኑ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ተውላጠ ስም ግን ሳናስበው ከአፋችን ስለሚወጣ ለመለወጥ ይከብዳል። ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም፦ ስዊድኖች ወንድና ሴት የማይለየውን ተውላጠ ስም «ሄን»ን በ2015 በአካዳሚያቸው የቃላት መዝገብ አስገብተዋል። እንግሊዝኛም ቢሆን የብዙ ቁጥሩን «ዘይ» ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነጠላ ሰው ሲጠቀምበት ኖሯል፤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርም በ2019 ባወጣው የጽሑፍ መመሪያ ተቀብሎታል።

ዛሬ ጉዳዩ የግል ምርጫም ሆኗል። ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ከማይገልጹ ሰዎች መካከል ብዙዎች «ዘይ» ይበቃናል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ሰው ያስመስለናል ብለው «ዚ»ን የመሰለ አዲስ ቃል ይመርጣሉ። ተቃዋሚም አለ፦ አንዱ ምላሴ አይለምደውም ይላል፤ ሌላው ከእምነቱ ጋር ይጋጭበታል።

እኔ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይበጃል እላለሁ። የትኛው ቃል በቋንቋው ይጸናል ለሚለው፣ የዘመናት ልምድ ወደ «ዘይ» ያደላል። ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ምን ልበለው ለሚለው ግን ፈራጁ መዝገበ ቃላት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ «አንተ»ን ትተን «አንቱ» ስንል የምናስቀድመው የተጠሪውን ክብር ነው፤ «እሳቸው» ስንልም ወንድ ይሁኑ ሴት አንናገርም። ስለዚህ እንግሊዝኛ በሚነገርበት መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባ «ዚ በሉኝ» ቢሉ፣ ቃሉ ይዘልቃል አይዘልቅም የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይቆይ። እንደተጠየቀው መጥራት፣ ከተሳሳቱም ወዲያው አርሞ ወደ ጨዋታው መመለስ ይገባል።